የየኔታ በቅሎና የእኛ ጉልበት

ስለ ጉልበት አስተያየት የሌለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። አንዱ ጉልበት በበሶ ነው ይላል፤ ሌላው የለም በእርጎ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከአልጋው ለመነሳት ሚስቱን ደግፊኝ እያለ፣ ጉልበት ማለዳ በመነሳት ነው የሚገኘው ብሎ ይመክራችኋል። ከቤቴ አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት መረብ ኳስ የሚያጫውቱ ሁለት አሠልጣኞች አሉ። አንደኛው ተጫዋች በገመድ መዝለል አለበት ይላል፤ ሁለተኛው ብረት ካላነሳ ዋጋ የለውም ይላል። እነሱ ሲከራከሩ የግጥሚያው ቀን ይደርስና ተጫዋቾቹ ክርክር ብቻ ሰምተው ሜዳ ይገባሉ። እኔ በአጥር እያየሁ አልፋለሁ። ብናገርስ ማን ያምነኛል? ይህን ነገር እኔና ጓደኞቼ በጣሊያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ ፈትነን ጨርሰነዋል። ለዚያውም ለዋንጫ አልነበረም፤ ለበቅሎ ነበር።

ያኔ የቅኔ ተማሪ ነበርኩ። መምህራችን የኔታ ላቀው ይባላሉ። ቤታቸው ከታች ከወንዙ ዳር ነው፤ ጉባኤያቸው ደግሞ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር። በመካከሉ ፍየል እንኳ ቆም ብላ የምታስብበት ዳገት አለ። የኔታ ሰውነታቸው ግዙፍ፣ ጉልበታቸው ሕመምተኛ ስለነበር ዳገቱን የሚወጡት በዳሚት ነው። ዳሚት በቅሏቸው ናት። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እየተባለ ዘሯ ሁሉ ይታማል፤ ዳሚት ግን እንዲህ ያለ ጉራ አታውቅም። የኔታን ታወጣለች፣ የኔታን ታወርዳለች፣ በቃ።

ዐቢይ ጾም እንደገባ የጣሊያን ጦር የጭነት ከብት አነሰውና በቅሎ ከየቤቱ መሰብሰብ ጀመረ። ዳሚትም ተነዳች። ከዚያ ወዲያ የኔታ በዱላ እየተደገፉ መውጣት ጀመሩ፤ ጉባኤው ላይ ሲደርሱ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ታዲያ ለምን እታች ቤታቸው አያስተምሩም ትሉ ይሆናል። የመምህርነት ወንበሩ ያለው ላይ ነዋ! መምህር ከደጁ ከራቀ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ ለመቀመጥ የቋመጡም ነበሩ። ከተማሪውም አንዳንዱ ወደ ዲማው ጉባኤ ልሻገር እያለ ስልቻውን ማራገፍ ጀምሮ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያቆሙት ጉባኤ በአንዲት በቅሎ ምክንያት ሊበተን ሆነ። የኔታ አንድም ቀን አላማረሩም። አለማማረራቸው ግን ከማማረር ይልቅ እኔን ያንገበግበኝ ነበር።

አቤት ለማለት እኔ ደግፌያቸው ወደ ጦሩ ሰፈር ሄድን። ካፒቴኑ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከቅኝ ግዛት ያመጣቸው፣ አስካሪ የሚባሉት ወታደሮቹ መረብ ኳስ ሲጫወቱ ያያል። በሁለት ግንድ መካከል መረብ ተወጥሯል፤ ከወዲህ ስድስት፣ ከወዲያ ስድስት ሆነው ኳሷን መሬት እንዳትነካ ይቀባበሏታል። የኔታ አቤቱታቸውን በወግ በወጉ አቀረቡ፤ አስተርጓሚውም አሳጥሮ አደረሰው። ካፒቴኑ እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ ለካኝ። ቁመቴ የጎጆ ክዳን ያለ መሰላል የሚጠግን ነበር። ሳቀና፣ ተማሪዎችህ ከአስካሪዎቼ ጋር ይጋጠሙ፤ ካሸነፉ በቅሎህን ውሰድ፤ ከተሸነፉ ሁለተኛ የበቅሎ ስም በጆሮዬ እንዳይገባ አለ። ግጥሚያውን ለፋሲካ ማግስት ቀጠረው። አንዲት አሮጌ ኳስም ጣለልን።

ነገሩ ሲሰማ ከተማው ተከፈለ። ከጠላት ጋር መጫወት ባንዳነት ነው ያለን አልጠፋም። እኛም ተሸማቀን ነገሩን ለየኔታ አቀረብን። ሌባ የወሰደብህን ከሌባው ደጅ ሄደህ ብታመጣ ሌባ ትባላለህ ወይ? አሉን። በዚያው ቀን ልምምድ ገባን።

እንግዲህ የሥልጠናውን ነገር አወዳድሩ። አስካሪዎቹ አንድ ጡንቸኛ ጣሊያን ተመድቦላቸው በፊሽካ ይሮጣሉ፣ በፊሽካ ገመድ ይዘላሉ፣ የአሸዋ ከረጢት ያነሳሉ፣ ከዚያ ሥጋ በፓስታ ይበላሉ። የእኛስ? ለሩጫ የመንደር ውሻ ነበረን። ተማሪ ቁራሽ ሊለምን በየደጁ ሲዞር ፊሽካ የማያስፈልገው አሠልጣኝ ከእያንዳንዱ አጥር ይወጣል። ለዝላይ ደግሞ ስግደት ነበረን። በዐቢይ ጾም ግንባር መሬት እስኪነካ ወድቆ መነሳት፣ ወድቆ መነሳት ነው። ከልቡ የሰገደ ሰው አይታችሁ ከሆነ ጭኑን እዩት፤ የወይራ ግንድ ነው። ሰሙነ ሕማማት ሲደርስማ እንዲያ ሰግደን ከመሬት ስንነሳ እንደ ፌንጣ እንፈናጠር ነበር። ጸሎቱ ለነፍስ መሆኑ አልጠፋንም፤ ግን ነፍስ ስትጠቀም ጉልበት ተመልካች ሆኖ ይቀራል እንዴ? ፋሲካ ማግስት ይምጣ እንጂ ዳሚት የእኛ ናት አልን።

ፋሲካም መጣ፤ ግጥሚያው ግን ቀረ። የገዛ አርበኞቻችን መንገድ ቆረጡና ካፒቴኑ ጦሩን ይዞ ወጣ። ሲመለስ እንጋጠማለን፣ ክረምት ሳይገባ ተባለ። አርበኞቹን መርቀን ሳንጨርስ አንድ ነገር ትዝ አለንና ክው አልን። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ጾም የለም፤ ስግደትም የለም! ሥርዓቱ አይፈቅድም። ከዚያም አልፎ ምእመናኑ በደስታ ሰክረው ተማሪን በዶሮና በቅቤ ያጠምዱታል። ያ ሁሉ የሕማማት ጉልበት በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ቦርጭ ሲለወጥ በዓይናችን አየነው። ደስታ የሚባለው ጓደኛዬ ለመዝለል ተንደርድሮ ተነሣና መሬቱ አልለቀው ብሎ መለሰው።

ተሰብስበን የኔታ እግር ሥር ወደቅን። ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለበቅሎዋ ሲባል፣ ይፍቀዱልንና እንስገድ አልናቸው። እኔ ደግሞ ነገር አዋቂ ነኝና፣ የኔታ፣ ግንባራችን መሬት ሳይነካ ብንነሳ፣ ቁጥሩንም በጣሊያንኛ ብንቆጥረው ስግደት አይባልም ብዬ ተከራከርኩ። የኔታ ክርክሬን አስጨረሱኝ። ከዚያ፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ጣሊያንኛ አይሰማም ያለህ ማነው? አሉኝ። ቀጥለውም፣ የትንሣኤውን ሥርዓት የጠበቅኩት በቅሎ ኖራኝ አይደለም፤ በቅሎ ስለሌለኝም አላፈርሰውም፤ ሂዱና ዶሮአችሁን ብሉ አሉን። ወንበራቸው ሊሄድ መሆኑን ከእኛ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ክርክር ይዤ በመቅረቤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚህ ሁሉ በላይ፣ በዚያ ዕድሜያቸው በሕማማት ከእኛ እኩል ሲሰግዱ ከርመው ኖሮ ጉልበታቸው ጨርሶ አልታዘዝ አለ። ዱላም አልረዳ። ምን እናድርግ? ሁለት አጣና ቆርጠን፣ በጠፍር አያይዘን ቃሬዛ ሠራን። የኔታ አይተው ተቆጡ፤ ሳልሞት ሬሳ ልታደርጉኝ ነው? አሉ። እንግዲያው መደገፊያ ሠርተንለት እንደ ዙፋን አስቀመጥናቸውና ዳገቱን ተያያዝነው። ጠዋት ማውጣት፣ ማታ ማውረድ ሥራችን ሆነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ የኔታ ግን ለስድስት ሰውም ሸክም ነበሩ። ለዚያውም ዝም ብለው አይጫኑም! ከላይ ሆነው የቅኔውን ቤት፣ ማለት የስንኙን መነሻ፣ ይሰጡናል፤ እኛ እያለከለክን እንሞላለን። የሳተ ተማሪ ጆሮ ላይ የዝንብ ጭራቸው ታርፋለች። ልምምድ ቀረብን ብለን እያዘንን፣ ጰራቅሊጦስ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ካፒቴኑ ተመለሰ ተባለ።

የግጥሚያው ቀን ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ሳይቀር ሜዳውን ከበበው። የኔታን ከነቃሬዛቸው ከመረቡ አጠገብ አስቀመጥናቸው። የመጀመሪያውን ዙር እንዴት እንደተሸነፍን ብነግራችሁ ታዝኑልናላችሁ። በጉልበት አይደለም፤ በጨዋነት ነው። በቅኔ ቤት ታላቅ እያለ ታናሽ እጁን አይሰነዝርም። ኳሷ ስትመጣ እኔ ለደስታ እተዋለሁ፤ ደስታ እኔን አይቶ እርስዎ ይቅደሙ ይላል፤ ሌላውም አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል፤ ኳሷ በመካከላችን በክብር ታርፋለች። አስካሪዎቹ በሳቅ ሆዳቸውን ያዙ። በመጨረሻ የኔታ ከዙፋናቸው ሆነው፣ ኳስ ፊት ታላቅ የለም! ምቱ! ብለው ጮኹ።

ትእዛዝ ነውና መታን። ያን ጊዜ አንድ ተአምር ገባኝ። ለመዝለል ተነሳሁና መረቡ ከደረቴ በታች ሆነ! ትከሻዬ ላይ የኔታ የሉማ! ለካስ ያን ሁሉ ቀን ዳገት ስንወጣ የተሸከምነውን ሸክም አሁን አውርደነው ነበር። ሁለተኛው ዙር የእኛ ሆነ። ሦስተኛው ረዘመ። አስካሪዎቹ በፊሽካ የለመዱት ጉልበት እየተቆራረጠ ወገባቸውን ይዘው ማለክለክ ጀመሩ፤ እኛ እያለከለኩ ቅኔ መሙላት የለመድን ሰዎች ማለክለክን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። የመጨረሻዋን ኳስ ደስታ አጠንክሮ መታት። እሪታውና እልልታው ሲቀላቀል የኔታን አየኋቸው፤ በጭራቸው ፊታቸውን ሸፍነው ያለቅሳሉ። እኔም ተከትዬ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

በቅሎ ማሰሪያዋን በጠሰች ቢሉ ለራሷ አሳጠረች እንደሚባለው፣ ካፒቴኑ በቅሎ ነጥቆ ጉልበት ሰጠን፤ በገዛ ሥራው ተሸነፈ። ቃሉን ግን አላጠፈም። ዳሚት የጣሊያንን ገብስ በልታ ወፍራ፣ ቆዳዋ እያብረቀረቀ ተመለሰች። በማግስቱ ያለችውን ጌጥ ሁሉ ጫንንባት፤ የኔታን ደግፈን አስቀመጥናቸው፤ እጃችንን እያወናጨፍን ከኋላ ተከተልን። ባዶ ትከሻ እንዴት ደስ ይላል! ስለ ትናንቱ ግጥሚያ እያወራን፣ እየተሳሳቅን ወደ ኋላ ቀረን።

ዳገቱ መካከል ላይ የኔታ አንድ የቅኔ ቤት ጣሉ። መልስ የለም። ዞር ብለው አዩን፤ እኛ ከታች ሩቅ ነን። ዳሚትን አቁመው አውርዱኝ አሉ። ታመሙ ብለን እየሮጥን ደረስን። አልታመሙም። ይህች ከብት ክረምት ሲገባና ዳገቱ ሲጨቀይ ታወጣኛለች፤ እስከዚያ ግን ለእሷ ቅኔ ልስጣት? ጆሮዋን ነው የምታወዛውዘው፤ ቃሬዛዬን አምጡ አሉ። ያችን በቅሎ ለማምጣት የከፈልነውን እኛ እናውቃለን። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሮጬ ቃሬዛውን ሳመጣ ደስታዬ ዳሚት ከተመለሰችበት ጊዜ ይልቅ በለጠ።

እንግዲህ ዳሚት ከነጌጧ ባዶዋን ከፊት ትሄዳለች፤ እኛ የኔታን ተሸክመን በላብ ተዘፍቀን ከኋላ እንከተላለን። በዚህ መካከል የጦሩ አስተርጓሚ በፈረስ ሲያልፍ አገኘን። ልጓሙን ያዘና አንዴ በቅሎዋን፣ አንዴ እኛን ተመለከተ። ኧረ የኔታ፣ በቅሎዎ ባዶዋን እየሄደች ምን ጉድ ነው? ካፒቴኑ ቢጠይቀኝ ምን ልበለው? አላቸው።

የኔታ ከላይ ሆነው ጭራቸውን ወዝወዝ አደረጉና፣ «ልምምድ ላይ ናቸው በለው» አሉት።