ከአክተሩ ጎን የሚቆመው ኑርዬ

የካውቦይ ፊልም የሚወድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እንዲህ ያለ ሰው ፊልሙን ዝም ብሎ አያይም፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ሁሉ ፈሪ እያደረገ ነው የሚያየው። እዚህ ዓረብ አገር፣ ጉበይራ በሚባለው ሰፈር፣ ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ ክፍል የሚጋራው ኑርዬ ከእነዚህ አንዱ ነው። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለውም፤ ጀግንነት ግን ሞልቶታል።

ባለፈው ዓርብ ልጠይቃቸው ሄጄ የእህቴ ልጅ ገበያ ወጥቶ፣ ኑርዬ ብቻውን ፊልም ሲያይ ደረስኩ። በፊልሙ አንድ ሕግ አስከባሪን ወንበዴዎች ሊገድሉት ሲመጡ የከተማው ሰው በሙሉ በሩን ዘግቶበታል።

«አዩ እማማ? ወንድ የጠፋበት አገር! እኔ ብሆን ከአክተሩ ጎን ነበር የምቆመው!»

አክተር የሚለው የማይሞተውን ሰው ነው።

«ከሕግ አስከባሪው ጎን?» አልኩት።

«እሱ ሌላ ነው እማማ፤ ኢቃማ አይጠይቅም።»

ይህን እንዳለ በሩ ተደበደበ።

«ጀዋዛት! ኸላስ፣ ሊጠርዙኝ ነው!» ብሎ የኢሚግሬሽን ፖሊሶቹን ፈርቶ አልጋ ሥር ገባ። ከዚያው ሆኖ፣ «እማማ፣ እርስዎ ኢቃማ አለዎት፤ ይክፈቱ። ብቻዬን ነኝ ይበሏቸው» አለኝ።

ጉልበቴን ስለሚያመኝ ቀስ እያልኩ ወደ በሩ ሄድኩ። አክተሩም እንደዚያ ነበር የሚራመደው።

የታችኛዋ ጎረቤት ነበረች። «እማማ፣ በአላህ ተኩሱን ቀንሱልን! የእኛ ልጆች ጀዋዛት መጣ ብለው ጣሪያ ላይ ወጥተዋል» አለችኝ።

ኑርዬ አቧራውን እያራገፈ ሲወጣ ፊልሙ አልቋል።

«አክተሩ አሸነፈ እማማ?»

«አሸንፋለች» አልኩት፤ «ጉልበቷን ግን አሟታል።»