ጋሽ ሀይደር ከእኅታቸው ዶሮ ወጥ ሸሽተው ኤርፖርት ደጅ ሆቴል ያደሩበት ዜና

በዘመነ ጉም፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊቱን ተሸፋፍኖ በከረመበት፣ በወርኃ ነሐሴ፣ ጋሽ ሀይደርን አውሮፕላን ባመለጣቸው በአንደኛው ዓመት፣ ወኮነ፤ እንዲህም ሆነ።

ልጆቼ፣ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ይህ ዜና የደሴው ልብስ ሰፊ የጋሽ ሀይደር ዜና ነው፤ የሰኞ ገበያ ሞገስ፣ የሱሪ ቁመት ዳኛ፣ የተቀደደውን ከተቀደደው የሚያስታርቁ፣ ሜትር ሳይዘረጉ በዓይናቸው ብቻ የወገብ ልክ የሚናገሩ፣ የፈረስ ስማቸውም አባ ቀጥቅጥ። ፈረስስ የላቸውም፤ ነገር ግን ከአባታቸው የወረሱት የስፌት መኪና ሲጋለብ ከሦስት ሱቅ ወዲያ ስለሚሰማ፣ ስሙ ለእሱ ተገባው።

ያመለጣቸው አውሮፕላን ነገር ይህ ነው። አንዲት ልጃቸው ረውዳ ዶሃ ከገባች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። አምና ወደ ሌላ አገር ስትሻገር በአዲስ አበባ ለአንድ ቀን ብቻ አለፈች፤ አየር መንገዱም በትልቁ ኤርፖርት አጠገብ ሆቴል አሳረፋት። አባት ሊያይዋት ተነሡ፤ አውሮፕላኑ የሚነሣው በጠዋት ከኮምቦልቻ ነውና፣ ኮምቦልቻ ወርደው ከታላቅ እኅታቸው ከእትዬ ጣይባ ቤት አደሩ። ሲነጋ እትዬ ጣይባ አውራ ዶሮ አሳረደች፤ በሯን ቆለፈች፤ ቁልፉን በመቀነቷ ቋጠረች፤ በደጃፏም ቆማ እንዲህ ስትል አዋጅ አስነገረች፦ «ወንድሟ ጾሙን ከቤቷ ወጣ ተብሎ አገር አይስቅብኝም! ወላሂ ይህ ዶሮ ሳይበላ አንድ እግር ከዚህ ደጅ አይወጣም! አውሮፕላኑ ይጠብቅ፤ እሱስ ቢሆን እናት የለውም?»

አውሮፕላኑ አልጠበቀም። ጋሽ ሀይደር የመጀመሪያውን ጉርሻ በእጃቸው እንደያዙ፣ ሆዱን እያሳያቸው በጣሪያው ላይ አለፈ። ረውዳም በዚያ ሆቴል ብቻዋን በልታ ፎቶ ላከች፤ አንድ ሳህን፣ ከፊት ለፊቱም ባዶ ወንበር። ያንን ፎቶ ጋሽ ሀይደር ዓመቱን ሙሉ ከመኪናቸው አጠገብ አድርገው፣ ክር በቀየሩ ቁጥር ያዩት ነበር። ደንበኛ ሲጠይቃቸው ወንበሩ ጥሩ ወንበር ነው ይላሉ።

ወእምዝ፣ ከዚያም በኋላ፣ በዘንድሮው ነሐሴ ረውዳ ለአዲስ ሥራ ወደ ኪጋሊ ስትዛወር እንደገና ለአንድ ቀን የምታልፍ ሆነች። ከዚያ በኋላ መቼ እንደምታልፍ የሚያውቅ የለም። በስልክም ከባሕር ማዶ አዋጅ አወጀች፦ «አባዬ፣ አክስቴ ቤት አታድርም! በጠዋት የሚበር ሰው የሚያድረው ኤርፖርት አጠገብ ሆቴል ነው፤ አገር የሚያደርገው ይኼንን ነው። ይዤልሃለሁ። ዘንድሮ ከቀረህ ግን አኮርፍሃለሁ፤ እውነቴን ነው!»

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ልጆቼ። ታላቅ እኅት ባለችበት ከተማ አልጋ መከራየት ማለት፣ እኅት የለችኝም ብሎ በገበያ መሐል እንደ መጮህ ነው። ስለዚህ ዘመቻው በምሥጢር ሆነ። ለእትዬ ጣይባም አዲስ አበባ በአውቶብስ እንደሚሄዱ ተነገራት። ይህችን ውሸት አላህ ይማራቸው።

የዘመቻውም ሰልፍ ይህ ነበር። ከፊት ወንድምአገኘሁ ባለ ካውያው ሻንጣ ተሸክሞ፤ ከቀኝ ሚስባህ ቁልፍና ዚፕ ቸርቻሪው ጃንጥላ ይዞ፤ ከግራ ሱሪያቸው ሳያልቅ የቀረባቸው ሁለት ደንበኞች እያጉረመረሙ፤ ከኋላም ጎረቤት ሁሉ «አብሽር አባ ቀጥቅጥ! ዘንድሮስ ይሳካል!» እያለ። ይህ ሁሉ ሠራዊት እስከ መናኸሪያ ሸኝቶ ተመለሰ፤ ዝናቡ በርትቶ ነበርና።

ጋሽ ሀይደር እንዳይታወቁ ካፖርት ደርበው፣ ሻርፕ እስከ አፍንጫቸው ጠምጥመው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው በሚኒባስ ሐረጎን ወረዱ። በደሴ ብርድ ይህ ልብስ ማንንም አያስገርምም። ኮምቦልቻ ግን ሰው ሁሉ በሸሚዝ ነበርና፣ ከመኪና ሲወርዱ መንገደኛው ቆሞ አያቸው፤ ባጃጆችም ፍጥነት ቀነሱ። እሳቸው ግን ማንም አላወቀኝም ብለው በልባቸው እያመሰገኑ፣ በላብ እየታጠቡ ወደ ሆቴሉ ገቡ።

በእንግዳ መቀበያው ሰላም የምትባል ትሑት ልጅ ተቀምጣ ነበር። ቁልፉን ተቀብለው ዝም ቢሉ ኖሮ ምሥጢሩ በተጠበቀ ነበር። ነገር ግን የወሎ ሰው ናቸውና ያለ ዘር ቆጠራ ቁልፍ መቀበል አልሆነላቸውም። ሻርፑን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው አወጁ፦ «ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ? አባትሽስ የማን ነው? እናትሽስ?»

እርሷም በደስታ መልሳ አወጀች፦ «የወርቅአፈራሁ ልጅ ነኝ፣ አባባ። እናቴ የኔነሽ ትባላለች። ቤታችን ከእትዬ ጣይባ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነው። እንዴ! እርስዎስ አፍንጫዎ ቁርጥ እሳቸውን አይደል?»

የጋሽ ሀይደር ላብ ባንዴ ቀዘቀዘ። ሻርፑን መለሱ፤ ግን ጊዜው አልፏል። ለማንም እንዳትናገር ተማጠኗት፤ እርሷም ከእናቷ በቀር ለማንም ላትናገር ማለች። ወዲያው እትዬ ጣይባ እንዳትደውል ስልካቸውን አጠፉ። ይህ የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ መቀስቀሻው ደወል በእሱ ውስጥ ነበርና።

ወደ ክፍላቸውም በክብር ወጡ። በአልጋው ላይ ፎጣ በዳክዬ መልክ ታጥፎ አገኙ፤ የሰውን ልፋት ማፍረስ ነውር ነው ብለው ሳይታጠቡ ቀሩ። አንሶላው በፍራሹ ሥር ጥብቅ ብሎ ስለተወጠረ መግቢያውን ፈልገው አጡ፤ ካፖርታቸውን ለብሰው ከላዩ ሊተኙ ወሰኑ። ከዚያ በኋላ ዓይናቸው መጋረጃው ላይ ዐረፈ። ወዮ! ጠርዙ ተተርትሯል፤ ሁለቱም ክንፍ ሳይገናኝ በመሐሉ አንድ ስንዝር ክፍተት አለ። እንዲህ ያለ ነውር እያዩ እንዴት ያንቀላፉ? መርፌ ከቆባቸው ውስጥ አወጡ፤ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ሰፉ፤ ክፍተቱን ዘጉ፤ ጠርዙንም በድርብ ስፌት አጸኑ። እንዲህ ያለ መጋረጃ በኮምቦልቻ አልታየም፤ የብርሃን ክር እንኳ አያሳልፍም።

ሰላምም በጠዋት ልቀስቅስዎ ብትል፣ ከደረጃው ላይ ሆነው አወጁ፦ «አርባ ዓመት ለሱብሂ ሶላት የተነሣሁ ሰው ማን ይቀሰቅሰኛል? ኸረ ተይኝ ልጄ!» እውነት ነው ተነሥተዋል። ነገር ግን አርባ ዓመት ሙሉ የሚቀሰቅሳቸው የመስኮታቸው ስንጥቅና የጎረቤታቸው የመስጊዱ አዛን ነበር። በዚህ ክፍል ግን መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው፤ ስንጥቁንም በገዛ እጃቸው ሰፍተውታል።

ወኮነ፣ ነጋ። ለጋሽ ሀይደር ግን አልነጋም።

በዚያው ምሽት ወሬው ከሰላም ወደ የኔነሽ፣ ከየኔነሽም በአጥር ላይ ተሻግሮ ነበር። እትዬ ጣይባ በሰማች ጊዜ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አወጀች፦ «ሀይደር? የእናቴ ልጅ? ሆቴል? ሞታለች በሉኛ! ወላሂ እግሬ ያንን ሆቴል አይረግጥም!» የኔነሽ ግን ጎረቤት ብቻ ሳትሆን ደፋርም ነበረችና በአጥሩ ቀዳዳ መለሰችላት፦ «አንቺስ ብትሆኚ አምና አባትን ከልጁ አላስቀረሽም?»   እትዬ ጣይባም ተነሥታ ዶሮዋን ያዘች፤ ዘንድሮ ግን በማታ ሠራችው።

በጠዋትም አገልግሉን አቅፋ፣ በበሽር ባጃጅ ሆቴሉ በር ደረሰች። ለወንድሟ በደጅ ሰጥታ፣ በደጅ ሰድባው ልትመለስ ነው። ሰዓቱ ግን አንድ ሆነ። አውሮፕላኑ የሚነሣው በሁለት ተኩል ነው። ዘበኛውን ጠየቀች፤ የወጣ ሽማግሌ የለም አላት። ቀና ብላ መስኮቶቹን አየች። መጋረጃው ሁሉ ፀሐይ ሲያሳልፍ አንዱ ብቻ እንደ ጉድጓድ ጠቁሯል። ወንድሟን በልጅነቱ ለቁርኣን ትምህርት ብርድ ልብሱን እየገፈፈች የምትቀሰቅሰው እርሷ ነበረችና፣ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

መሐላዋን ግን አላፈረሰችም። ከግቢው በር ውጭ፣ ከመንገዱ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን ታጥቃ፣ ኮምቦልቻ የሚሰማውን አዋጅ አወጀች፦ «ሀይደር! አንተ ሀይደር! አባቴ ይሙት አውሮፕላኑ ሞተር አስነሥቷል! ልጅህ ሁለተኛ ባዶ ወንበር ታያለች! ተነሥ አንተ ድንዝዝ! ዶሮውን ይዤልሃለሁ፤ አልይዝህም፣ ተነሥ!»

የሆቴሉ እንግዳ ሁሉ ተነሣ። ነጋዴው ተነሣ፤ ሙሽሮቹ ተነሡ፤ ትናንት አውሮፕላን ያመለጠው መሐንዲስም ለዛሬው ተነሣ። በመጨረሻም ጋሽ ሀይደር ጫማቸውን በእጃቸው፣ መርፌያቸውን በደረታቸው አድርገው ወረዱ። ይቅርታ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ጉርሻ ገባበት። ሦስት ጉርሻ ባጃጁ እየሄደ በገዛ እጇ አጎረሰቻቸው፤ በሽርም አየሁ አላየሁ ሳይል ነዳ። ከኤርፖርቱ በር ላይ አገልግሉን አስታቅፋ ገፋቻቸው፤ ገፋቻቸው እንጂ አልያዘቻቸውም። ይህም በእትዬ ጣይባ ዘመን የመጀመሪያው ነው።

በዚያው ቀን በቀትር፣ በየጥቂት ደቂቃው አውሮፕላን በሚያልፍበትና መስታወቱ በሚንቀጠቀጥበት በአዲስ አበባው ሆቴል፣ አባት በመጀመሪያ የእንግዳ ተቀባዩን ዘር ቆጠሩ። ከዚያ ረውዳ በደረጃው እየሮጠች ወረደች። የሆነውን ሁሉ መጻፍ አይገባኝም፤ አገልግሉ ግን ባዶውን ቀረ። ማታም ወደ ኮምቦልቻ አንድ ፎቶ ተላከ፤ ያው ዓይነት ሳህን፣ ያው ዓይነት ወንበር፣ በወንበሩም ላይ ካፖርት የለበሱ፣ ጢማቸው ወጥ የነካው ሰው።

እትዬ ጣይባም ፎቶውን ለየኔነሽ በአጥሩ ላይ አሳይታ፣ ደጋግማ አየችውና፣ ሲመለስ እኔ ዘንድ ያድራል፣ ዶሮውም በማታ ይሠራል ብላ የመጨረሻውን አዋጅ አወጀች።

ክብር ይሁን ለአባ ቀጥቅጥ፣ ፀሐይን በመርፌ ሰፍተው ላስቀሩ! እጥፍ ክብር ግን ይሁን ለጣይባ፤ እግሯ ሳይረግጠው ሆቴሉን ሁሉ ለቀሰቀሰች፣ በሯን ቆልፋ ያስቀረችውን ወንድም በገዛ እጇ ገፍታ ለልጁ ላደረሰች፣ ወንበሩንም ለሞላች!