ለድህነት የተጠራን ሦስት ምስክሮች

"እንዴት ነህ?" ሲባል እውነቱን የሚመልስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ሰውየው አከራዩ ውጣልኝ ብሎት፣ ጥርሱን አሞት ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አድሮ፣ ጠዋት መንገድ ላይ ታገኙትና "እንዴት አደርክ?" ስትሉት "ይመስገን፣ ደህና" ይላችኋል። እኔም ያው ነኝ። ሰበታ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ "ገበያ እንዴት ነው?" ላለኝ ሁሉ "አይከፋም" እላለሁ፣ እየከፋኝ። ይህን ጨዋነት እንለዋለን። ለመንገድ ላይ ሰላምታ ከሆነ ማንንም አይጎዳም፤ ችግሩ ይህንኑ ጨዋነት ይዘን ማህተም ያለበት ቢሮ ስንገባ ነው።

ኦቦ ደገፋ ጎረቤቴ ናቸው። ድሮ ጅማ መንገድ ዳር ጤፍ የሚያበቅል መሬት ነበራቸው፤ አሁን መሬቱ ላይ መጋዘን ቆሟል፣ እሳቸው ደግሞ የመጋዘኑ ዘበኛ ናቸው። የገዛ ማሳቸውን እንደሚጠብቁ እንደ ቀልድ ያወሩታል፤ እኛም እንስቃለን። ለመሬቱ የተከፈላቸው ካሳ ካለቀ ቆይቷል። ስኳር በሽታ አለባቸው፤ ባለፈው ክረምት ቦቲ ጫማ የግራ እግራቸውን ጣት ላጠውና ቁስሉ አልደርቅ አለ። የጤና መድን መታወቂያቸውን ደግሞ "ዓመቱን ሙሉ ደህና ነበርኩ፣ ለምን አሳድሳለሁ?" ብለው ትተውት ነበር። አያችሁልኝ? ያቺው "ደህና" ናት።

አዲስ አበባ የሄዱበት ሆስፒታል፣ ተኝተው ካልታከሙ እግሩ እንደሚያሰጋ ነገራቸው። ሂሳቡ የሚቀመስ አልነበረም። የማህበራዊ አገልግሎት ክፍሏ ልጅ ግን ደግ ነበረች፤ "አባባ፣ መክፈል እንደማይችሉ ከቀበሌዎ ደብዳቤ ያምጡ፣ አብዛኛው ይቀነስልዎታል" አለቻቸው። ቀበሌው በበኩሉ ሦስት የሰፈር ምስክር ጠየቀ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ መኮንን፣ ጎረቤታችን እትዬ አበራሽና እኔ ተመረጥን።

እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ድሃ መሆናችሁን ልታስመሰክሩ ስትሄዱ ምን ትለብሳላችሁ? ኦቦ ደገፋ የጥምቀት ኮታቸውን ለበሱ። ጢማቸውን ተላጩ። የታሰረውን እግራቸውን በነጭ ጋቢ ሸፈኑት። በዚህም አላበቁም፤ አራት ሆነን ከተጣበብንባት ባጃጅ ስንወርድ፣ ልክ በቀበሌው ሊቀመንበር መስኮት ፊት ለፊት፣ የሁላችንንም ከፈሉ። "ለእኔ ብላችሁ መጥታችሁማ አትከፍሉም!" እምቢ ብንል ቅር ይላቸዋል ብለን ተውናቸው።

መጀመሪያ ጋሽ መኮንን ተነሡ። እድር ላይ እንደሚያደርጉት ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ኦቦ ደገፋ ማለት የሰፈራችን ዋርካ ናቸው። ደጃቸውን የረገጠ ሰው ሳይበላ አይወጣም" አሉ። እትዬ አበራሽ ቀጠሉ፤ "ለልጄ ሠርግ ወይፈን የሰጡኝ እሳቸው አይደሉም እንዴ!" ወይፈኑ የተሰጠው መሬቱ ሳይሄድ በፊት ነበር፤ መቼ እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ሰው ፊታችን ተቀምጦ ስለ እሱ ክፉ መናገር አናውቅበትም፤ ድህነት ደግሞ እኛ ዘንድ ክፉ ነገር ነው።

ተራው የእኔ ሆነ። እኔ ሁሉንም አውቃለሁ። ባለቤታቸው ዘይት በቡና ሲኒ እያስለካች መግዛት ከጀመረች ከራርማለች። ምሳ የሚባል ነገር ከዚያ ቤት ጠፍቷል። "እኚህ ሰው የላቸውም" ማለት ብቻ ነበረብኝ። ሦስት ቃል። ዓይናቸው ከዓይኔ ገጠመ። እየለመኑኝ ነበር፤ "ንገርልኝ" ይሁን "አታዋርደኝ" ግን መለየት አልቻልኩም።

"የተከበሩ ሰው ናቸው" አልኩና ተቀመጥኩ።

ሊቀመንበሯ ግራ ገባት። "እርስዎስ ምን ይላሉ፣ አባቴ?"

"ገለታ ዋቃ! ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም። ይቺ እግር ብቻ ናት።"

ደብዳቤው አልተጻፈም። ምን ብላ ትጻፈው? በእሷ አልፈርድም። ስንወጣ ጋሽ መኮንን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ጥሩ አድርገን ተናገርንላቸው፣ አይደል?" አሉኝ። ከልባቸው ነበር።

ኦቦ ደገፋ ቁስሉን ቤታቸው በጨው ውሃ እያጠቡ ሰነበቱ። በራፋቸው ላይ "እንዴት ነው እግርዎ?" ስላቸው "እየተሻለው ነው" ይሉኛል፤ እኔም ጠረኑ እየሸተተኝ "እሰይ" እላለሁ። አንድ ጠዋት ትኩሳት ጣላቸው። ድንገተኛ ክፍል ወረቀት ሳይጠይቅ ተቀበላቸው፤ እግራቸውን ግን ከጉልበት በታች ቆረጠው። ባለቤታቸው መጥታ ስትነግረኝ ሱቄን ከውስጥ ዘግቼ ተቀመጥኩ። አፈርኩ። በእሳቸው ድህነት አፍሬ በመዋሌ አፈርኩ።

የሆስፒታሉ ሂሳብ እንዲቀነስ ያንኑ ደብዳቤ አምጡ ተባሉ። ተመልሰን ሄድን፤ በዚህኛው ቀን እሳቸውና እኔ ብቻ። ያንኑ ኮት ለብሰዋል፤ የሱሪያቸው የግራ እግር ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ሊቀመንበሯ ክራንቹን ስታይ ከወንበሯ ተነሣች። ምስክር አልጠየቀችም። እስክሪብቶዋን አንሥታ መጻፍ ጀመረችና ቀና ሳትል፣ "እንዴት ነዎት፣ አባቴ?" አለቻቸው።

"ገለታ ዋቃ። ምንም አልጎደለብኝም።"

ጻፈች፣ ማህተሙን መታች፣ ሰጠችን። ሁሉም ነገር ሻይ አፍልቶ የመጠጣት ያህል እንኳ አልፈጀም።

ውጭ ባጃጅ አስቆምኩ። ደግፌ አስገባኋቸው፤ ቤታቸው ደጃፍ ደርሰን ሳወርዳቸው አንድ እጃቸውን ከክራንቹ አላቀው ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ያዝኳቸው። "ዛሬ እርስዎ አይከፍሉም" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ለምን?"

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ጊዜ እቢሮው ውስጥ ልናገረው ይገባኝ የነበረው ሦስት ቃል ነው፤ አሁንም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

"ተራው የእኔ ስለሆነ" አልኳቸው።