ያገለገለ እጀ ረጅም

"ያገለገለ" የሚለውን ቃል ለዕቃ የሰጠው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባገኘው ግን የምጠይቀው አለኝ። ስፖንጁ የወጣ ሶፋ እንኳ "ያገለገለ ሶፋ" ተብሎ ይከበራል። ላገልግል ብሎ የመጣ ሰውስ? "ልምድ የለህም" ተብሎ ይመለሳል።

ይህን የምለው በንዴት ነው፤ አልደብቅም። ባለቤቴ ማርታ ዲላ ውስጥ ኮምፈርት ትሰፋለች። ከቡሌ ብርድ ወርደው የሚያዟት ብዙ ናቸው። ችግሩ፣ በእግር የምትረግጠው ማሽን ክንዱ አጭር ነው፤ ጥጥ የተሞላውን ድርብ ጨርቅ እየጠቀለለች በዚያ ጠባብ ክፍተት ስታሾልክ ወገቧ አለቀ። ስለዚህ እጀ ረጅም ማሽን ያስፈልጋታል። እጀ ረጅም ስል ሌላ ሰው ትዝ እንዳይላችሁ፤ እሱም ጋ እደርሳለሁ። በዚህ ማሽን ጨርቁ ሰፊ ብረት ላይ ተወጥሮ ይቀመጣል፤ መርፌው ራሱ በሐዲድ እየተንሸራተተ ይሰፋዋል።

አንድ ያገለገለ ተገኘ ተባለና ደወልኩ። አገልግሎቱ ስንት ዓመት ነው ብዬ ጠየቅሁ። ሰውየው፣ ክብር ለጌታ ይሁን፣ ከወጣት መዘምራን ጀምሮ እስከ ሽማግሌነት ነው አለኝ። ኧረ የማሽኑን ነው ስለው ሳቀ። ያንን ሳቅ ሳውቀው ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። አቶ ታደሰ ናቸው። ከዚህ በኋላ አንቱ የምላቸው ያሳደገችኝ እናቴ እንዳታፍር ብዬ ነው።

አቶ ታደሰ ማን ናቸው? በጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተመርቄ ስመጣ የስፌት ማሠልጠኛ ኃላፊ ነበሩ። ለአሠልጣኝነት ሲፈትኑኝ ስለ እጀ ረጅም ማሽን ላቤ እስኪወርድ አስረዳኋቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተው ሲያበቁ፣ ዕውቀቱስ አለህ፣ ልምድ ግን የለህም ብለው ቦታውን ለሚስታቸው ወንድም ሰጡት። ልጁ የተመረቀው በታሪክ ነው። ምን አለበት፣ መርፌም ታሪክ አላት። እኔ ይኸው እስከ ዛሬ ወናጎ እየተመላለስኩ ፊዚክስ አስተምራለሁ።

ከሳቸውማ አልገዛም አልኩ። ማርታ ወገቧን ይዛ አየችኝ። ሄድን።

ማሽኑ ላስቲኩ እንኳ አልተነሳለትም። ይሄ መቼ አገለገለ አልኳቸው። አንድም ቀን አልሠራም፣ ቆሞ ስለከረመ ነው ያገለገለ ያልኩት አሉ። ጡረታ ሲወጡ ነው ያስመጡት፤ ሐሳቡን ከየት እንዳገኙት እናንተም ታውቃላችሁ። ታዲያ ለምን ይሸጡታል? እጃቸውን ዘርግተው፣ ምን ላድርግ የኔ ልጅ፣ በዞኑ ሙሉ ይህን የሚያውቅ አንድ ባለሙያ አጣሁ አሉኝ። ለእኔ። ዓይኔን እያዩ። አላወቁኝም። ይህን ሁሉ ዓመት ስጠላቸው ኖሬ መልኬን እንኳ አላስታወሱትም፤ ለካ ንዴቱንም ያለ ደሞዝ ነው የሠራሁት።

ማርታን ወደ ደጅ ጠርቼ፣ አንገዛም፣ ክብሬ ነው አልኳት። ክብርህ ኮምፈርት ይሰፋል ወይ አለችኝ። ተከርችሞ የኖረ ማሽን ቢበላሽ ማን ያድሰዋል ብላት፣ አንተ አለች። ልምድ የለኝም አልኳት፤ በምሬት ነው እንጂ የእውነት አልነበረም።

ትታኝ ገብታ ቀብድ ከፈለች። አቶ ታደሰ ደስ ብሏቸው፣ እናንተም ጋ ዝም ብሎ እንዳይቆም፣ ባለሙያ ፈልጉለት ብለው መከሯት። እሷም በሩ ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞር ብላ፣ አያስቡ ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ላስቲኩ ያልተነሳለት ሌላ አለኝ አለቻቸው።