የሰይፉ እግር አቋም

በአገራችን ብዙ ታላላቅ ስብሰባዎች ተካሂደዋል። በክብደቱ ግን በሸዋሮቢት ከተማ፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ በግንቦት ሐሩር፣ ከምሳ በኋላ ከተደረገው የፈረንጅ ዘፈን ግምገማ ጋር የሚስተካከል የለም።

የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ ሲሰናበት ኮምፒዩተሩን ለጽሕፈት ቤቱ ሰጠ። ሲከፈት ሆዱ ሁሉ የሮክ ዘፈን ነው። ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ዘፈኑን አጥፍቶ ሥራውን ይቀጥል ነበር። ይህ ግን ኃላፊነት የሚሰማው መሥሪያ ቤት ነውና ዘፈኖቹ ልማታዊ መሆን አለመሆናቸው በጋራ ተደምጦ አቋም እንዲያዝ ተወሰነ።

ሰይፉ ከሁሉም ቀድሞ ገብቶ ተቀመጠ። በጊዜያዊነት ብዙ ሠርቷል፤ ቋሚ የመሆን ጉዳዩ በዚሁ ስብሰባ መጨረሻ እንደሚታይ ተነግሮታል። አጣዬ ያለችው የፍቅረኛው የኤልሳቤጥ አባት የሰይፉን ሽማግሌዎች የመለሱት በአንድ ቃል ነው፤ “ለጊዜያዊ ሠራተኛ ልጄን ለዘለቄታው አልሰጥም።” ስለዚህ ሰይፉ አፉንም ፊቱንም ገርቶ መጣ። እግሩን ግን ረሳው።

ኃላፊው አቶ ልዑል ስብሰባውን ከፈቱ። “ሙዚቃ መሣሪያ ነው። መሣሪያ ደግሞ በማን እጅ እንዳለ መታወቅ አለበት” አሉና ወደ ኮምፒዩተሩ ዞሩ። “መጀመሪያ የሚመጣው የትኛው ነው?”

“አይታወቅም፣ ጋሼ” አለች ጸሐፊዋ ነዒማ። “ራሱ እየቀላቀለ ነው የሚያወጣው።”

“ያለ ዕቅድ?”

“ያለ ዕቅድ።”

“ይመዝገብ” አሉ አቶ ልዑል።

የመጀመሪያው ዘፈን ከጣርማ በር ቁልቁል በከባድ ማርሽ እያጓራ የሚወርድ አይሱዙ ይመስላል። አቶ ልዑል ግንባራቸውን ቋጠሩ። የቤቱ ግንባር ሁሉ አብሮ ተቋጠረ። ሰይፉን ግን አንድ ነገር ደረቱ ላይ መታው፤ ደስ አለው። ደስታውን ከፊቱ ሲከለክለው ወደ ታች ወረደና በቀኝ ጫማው በኩል ወጣ።

የቢሮው ንቁ ሰው አብዱረዛቅ እጁን አወጣ። “ዘፈኑ ጩኸት የበዛበትና ሰላማችንን የሚያውክ ነው። ከዘፈኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የባልደረባችን የሰይፉ እግር ነው። መሬት ሲመታ አይቻለሁ።”

ቤቱ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛ ሥር አየ።

“ሰይፉ፣ ምን ትላለህ?” አሉ አቶ ልዑል።

“ጋሼ፣ እኔ ዘፈኑን አልወደድኩትም። እግሬ ነው።”

“እግርህ ያለ አንተ አመራር ነው የሚንቀሳቀሰው?”

ሰይፉ አንገቱን ደፋ። “ክፍተት አለብኝ። አስተካክላለሁ።”

ግለ ሂሱ መልካም ነው ተባለ። ሰይፉም ሁለት እግሮቹን በወንበሩ እግሮች ላይ ጠምጥሞ፣ ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ መጠበቅ ጀመረ።

ሁለተኛው ዘፈን ለስላሳ ነበር። ቬንትሌተሩ ትኩሱን አየር ከአንዱ ፊት አንሥቶ ለሌላው ያድላል። አቶ ልዑል ምሳቸውን በሚገባ በልተዋል። ዓይናቸው ተከደነ፤ አንገታቸው ወደ ደረታቸው ወረደ፣ ብድግ አለ፣ ደግሞ ወረደ። አብዱረዛቅ ይህን አይቶ አንገቱን እኩል መነቅነቅ ጀመረ። ወዲያው የቤቱ አንገት ሁሉ ተከተለ። ዘፈኑም ትዕግሥትን የሚያስተምር ነው ተባለ።

ሦስተኛ ላይ ኮምፒዩተሩ፣ ዕቅድ የለውምና፣ ያንኑ የመጀመሪያውን ዘፈን መልሶ አመጣው። አብዱረዛቅ ግንባሩን ሊቋጥር ሲል ወደ ኃላፊው አየ። አንገታቸው እንደ ቅድሙ ይወርዳል፣ ይነሣል። ግንባሩን ፈታና ጠረጴዛውን በጣቱ መታ። ሌሎቹ በመዳፋቸው መቱ። “የሥራ ተነሳሽነት ያለበት ነው!” አለ አንዱ። “ወጣቱን የሚያነቃቃ!” አለ ሌላው። የሰይፉ ልብ እየዘለለች ነው፤ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። እግሩ ግን ንቅንቅ አላለም። በራሱ ኮራ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ዝምታው አቶ ልዑልን ቀሰቀሳቸው። “እንግዲህ፣ የቤቱ አቋም?”

“እርስዎ በሰጡት አቅጣጫ መሠረት ዘፈኑ ልማታዊ ነው ብለናል፤ በሙሉ ድምፅ” አለ አብዱረዛቅ።

አቶ ልዑል የትኛውን አቅጣጫ መቼ እንደሰጡ ሊጠይቁ አሰቡና ተዉት። “ትክክል ነው” አሉ።

“ከሰይፉ በስተቀር። ቤቱ ሁሉ ሲንቀሳቀስ እሱ ደርቆ ቀርቷል።”

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ ያው የቅድሙ ዘፈን ነው!” አለ ሰይፉ።

“አየህ” አሉ አቶ ልዑል በኀዘኔታ። “ቅድም ላይ ቆመሃል። እኛ ወደፊት ሄደናል።”

የቋሚነቱ ጉዳይ እግሩና ሕዝቡ እስኪቀራረቡ ድረስ እንዲቆይ ተወሰነ።

ሰይፉ በረንዳው ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ነዒማ ልትወጣ ስትል አየችውና ቆመች።

“አይዞህ፣ ወንድሜ።”

“አሁን ለኤልሳቤጥ አባት ምን እላለሁ? ብንቀሳቀስ ተገመገምኩ፤ ባልንቀሳቀስ ተገመገምኩ። ደጋግሜ ነው በልቤ የሰማሁት፤ እመኚኝ፣ አንድ ዘፈን ነው!”

ነዒማ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

“ያ ረቢ!” አለች። “አንተ ዘፈኑን ነበር እንዴ የምታዳምጠው?”