ምንይችል ለአባቱ ሕግ ሲያስረዳ

[እንጅባራ ዳርቻ፤ ጭጋጉ ገና ያልተገፈፈ ጠዋት። ምንይችል አርባን ተሻግሯል። ከዮዲት ከተፋታ ወዲህ ከአባቱ ቤት እየበላና እያደረ ሕግ ይተነትናል። ዛሬ አባቱን ሽማግሌ አድርጎ ወደ ዮዲት ሊወስድ ነው። አዛውንቱ አባቱ ገበየሁ ፈረሱን ጭነዋል፤ ጠቡ በኮርቻው ነው።]

ምንይችል፦ ባለጉዳዩ እኔ ነኝ! ኮርቻው ለኔ፤ እርስዎ ይፈናጠጡ።

ገበየሁ፦ ፈረሱ የኔ አይደለም እንዴ?

ምንይችል፦ እሱን ይተዉትና፣ ለዮዲት የሚነግሯትን አጠኑ?

ገበየሁ፦ እንዴታ! «ልጅሽ ሀይማኖት ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞላት፤ እንኳን ደስ አለሽ።»

ምንይችል፦ ደስታውን ማን ጠየቀዎት? «ስለዚህ ምንይችል ከእንግዲህ ለልጁ ቀለብ አይሰጥም» ነው የሚባለው!

ገበየሁ፦ ልጅቱ ከእንግዲህ አትበላም?

ምንይችል፦ ትበላለች እንጂ!

ገበየሁ፦ ታዲያ ከትናንቱ ምን ተለየ?

ምንይችል፦ ሕጉ ነዋ! ዐሥራ ስምንት ሲሞላ የወላጅ ግዴታ ያበቃል።

ገበየሁ፦ ገና ነርስነት ልትማር አይደል?

ምንይችል፦ ሕግ ነርስ አያውቅም።

ገበየሁ፦ እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም፤ ታገሠኝ። የሁሉም ወላጅ ነው የሚያበቃ?

ምንይችል፦ የሁሉም!

ገበየሁ፦ የገበሬውም?

ምንይችል፦ የገበሬውም፣ የዳኛውም!

ገበየሁ፦ ልጁ ድንች ሲያይ እጁን የማይሰበስብ ቢሆንስ?

ምንይችል፦ [እየሳቀ] ማሳውን ቢጨርስም! ዐሥራ ስምንት ከሞላው ወላጁን የሚያስገድድ የለም። ገባዎት?

ገበየሁ፦ አሁን ገባኝ። [ወደ ቤት ይገባሉ። ትራስና ብርድ ልብስ ይዘው ወጥተው ከምንይችል እግር ሥር ያኖራሉ።]

ምንይችል፦ ይኼ... የኔ ትራስ አይደል?

ገበየሁ፦ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ሕግ ሳበላህ ኖሬያለሁ፤ አለማወቄ ነው።

ምንይችል፦ [ትራሱን አቅፎ] አባ! ዕድሜ ብቻ እኮ አይታይም! ራሱን ያልቻለ ልጅ ሲሆን ወላጅ ይደግፋል!

ገበየሁ፦ እስከ መቼ?

ምንይችል፦ ራሱን እስኪችል ነዋ!

ገበየሁ፦ እሱም ሕግ ነው?

ምንይችል፦ ዋናው ሕግ ነዋ!

ገበየሁ፦ [ኮርቻው ላይ እየወጡ] እንግዲያስ ለዮዲት ይህንኑ እነግራታለሁ። «ሀይማኖት ተምራ ራሷን እስክትችል ምንይችል ቀለቧን አያቋርጥም። አባቱም ምስክር ነኝ።»

ምንይችል፦ [ትራሱን እያየ] ይንገሯት... ይንገሯት። ግን እኔንም ያፈናጥጡኝ እንጂ!

ገበየሁ፦ [ፈረሱን ኮርኮር አድርገው] አንተማ ዐሥራ ስምንት ሞልቶሃል፤ በእግርህ ና።