ቢጫ ሰደርያ የለበሱት ሌቦች

ማስተሩ፦ ጋሼ፣ እጅህን ከመስኮቱ ላይ አንሣ!

ጋሼ፦ ትንሽ ገርበብ ላድርገው እንጂ፣ ታፈንን እኮ።

ማስተሩ፦ እሷን ገርበብ ነው የሚጠብቁት! ረጅም ዱላ ጫፍ ላይ መንጠቆ ያስሩና፣ አንተ ተኝተህ እያለ ሱሪህን ከወገብህ ፈትተው ይወስዱታል።

ጋሼ፦ ቀበቶውንስ?

ማስተሩ፦ ቀበቶውን መጀመሪያ!

ጋሼ፦ (ቀበቶውን ነካ ነካ እያደረገ) በመንጠቆ... እኔ በሃያ ዓመት የቧንቧ ሥራ በመንጠቆ ቀበቶ የሚፈታ ሰው አላጋጠመኝም። እጃቸው ይባረክ።

(ነገሩ የሚሆነው በአንድ የደቡብ ከተማ፣ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። መስኮቱ ተዘግቷል፤ በሩ ተዘግቶ አልጋ ተደግፎበታል። ሻንጣው ላይ ጉብ ያለው ወጣት ማስተሩ ነው። የውኃ ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪውን ሊማር ከተማዋን የረገጠው ገና ዛሬ ጠዋት ነው፤ ቤተሰቡ ግን የመግቢያው ደብዳቤ የደረሰ ዕለት ማስተሩ ብሎ ሰይሞታል፤ እሱም አልተግደረደረም። ሻንጣ ውስጥ ያለ ልብስ ይሰረቃል ብሎ ሦስት ሸሚዝ ደርቦ ካፖርት ጨምሮበታል፤ ላቡ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ጋሼ የታላቅ እህቱ ባል ነው፤ ሊሸኘው አብሮት የመጣ፣ ነገሩ ሁሉ ዝግ ያለ ቧንቧ ሠራተኛ። ጠዋት ጓጉንቸር እንዲገዛ ተልኮ መመለሱ ገና አሁን ነው፤ በአልጋውና በበሩ መካከል ሆዱን ስቦ ሾልኮ ገባ፤ የመሣሪያ ቦርሳውንም ገና ከትከሻው አላወረደም።)

ማስተሩ፦ ጓጉንቸሩስ?

ጋሼ፦ የቱ ጓጉንቸር?

ማስተሩ፦ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ የላክሁህ ጓጉንቸር ነዋ!

ጋሼ፦ ውይ! እሱን ረሳሁት።

ማስተሩ፦ ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆይተህ ረሳሁት? በዚህ ከተማ ጓጉንቸር የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?

ጋሼ፦ ምን ይሆናል?

ማስተሩ፦ እንደ እኔ አልጋ ይጎትታል! ወገቤ ተቆረጠ።

ጋሼ፦ ይህን ሁሉ ግን ማን ነገረህ?

ማስተሩ፦ እኔ አጥንቼ ነው የመጣሁት። የጓደኛዬ የአጎት ልጅ እዚህ ከተማ ቆይቷል።

ጋሼ፦ ስንት ዓመት?

ማስተሩ፦ አርባ ደቂቃ። አውቶቡስ እስኪቀይር።

ጋሼ፦ እና ሱሪውን ወሰዱበት?

ማስተሩ፦ ጃንጥላውን።

ጋሼ፦ ቀሙት?

ማስተሩ፦ ወንበር ላይ ረስቶት ወረደ። ሲመለስ ግን የለም! በአርባ ደቂቃ ይህን የሠራ ከተማ በሁለት ዓመት እኔን ምን እንደሚያደርገኝ አንተው አስላው።

ጋሼ፦ (ከልቡ ሊያሰላ እየሞከረ) ብዙ ጃንጥላ ነው።

ማስተሩ፦ እንዲህ ነው እንጂ! አሁን ገባህ።

ጋሼ፦ ያቺ ጠዋት መናኸሪያ ያገኘናት ልጅ ግን ሌባ አትመስልም።

ማስተሩ፦ የትኛዋ? ቢጫ ሰደርያ የለበሰችው? «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ አዲስ ተማሪ ናችሁ? መኪና አለን፣ በነጻ እናደርሳችኋለን» ያለችው? በነጻ! እስቲ በሞቴ ጋሼ፣ አንተ የማንን ቧንቧ በነጻ ጠግነህ ታውቃለህ?

ጋሼ፦ የእናትህን።

ማስተሩ፦ እሷ ዘመድ ናት!

ጋሼ፦ የጎረቤታችሁንም። የጎረቤታችሁን ጎረቤትም፣ እዚያው ስለነበርኩ።

ማስተሩ፦ አንተን ተወው፣ አንተ የዋህ ነህ። ሰደርያ ለብሶ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚሳሳቅ ሁሉ አንድ ቡድን ነው። ደግሞ ጓደኛዋ ሻንጣዬን ካልተሸከምኩ ሲል አላየህም? እላዩ ላይ ቁጭ ባልልበት ኖሮ ይኸኔ የለም። እኔ ግን ነቄ ነኝ፤ «ተማሪ አይደለንም፣ የሽንኩርት ነጋዴዎች ነን» ብዬ ኩም አደረግኋቸው።

ጋሼ፦ ሽንኩርቱ ቀይ ነው ነጭ ስትልህ ግን ላብ በላብ ሆንክ።

ማስተሩ፦ ሁለቱንም አልኳት እኮ!

ጋሼ፦ የመግቢያ ደብዳቤህ ደግሞ ከኪስህ ብቅ ብሎ ማኅተሙ ይታይ ነበር።

(ማስተሩ እጁን ወደ ኪሱ ላከ፤ ደብዳቤውን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገና ጉሮሮውን ጠረገ።)

ማስተሩ፦ እሱን እንተወው። ይልቅ ስማኝ፤ ምዝገባው ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። እኛ አስር ተኩል ላይ ከተፍ እንላለን።

ጋሼ፦ ለምን ቀደም አንልም?

ማስተሩ፦ ሌባ የሚሰማራው ሰልፍ ላይ ነው። ሰልፉ ሲሳሳ እሱም ወደ ቤቱ ይገባል። ይህም የጥናቱ ውጤት ነው። በል ዲግሪዬን ካለበት አውጣልኝ።

ጋሼ፦ የቱን ዲግሪ?

ማስተሩ፦ ቦርሳህ ውስጥ፣ ከቧንቧ መፍቻው ሥር ያስቀመጥኩትን! ሌባ ብረት አይሸከምም ብዬ አንተ ዘንድ የደበቅሁትን!

ጋሼ፦ እሱማ ቦርሳው ውስጥ የለም።

ማስተሩ፦ የለም ማለት?

ጋሼ፦ ሰጠኋት።

ማስተሩ፦ ለማን?

ጋሼ፦ ለሰደርያዋ።

(ማስተሩ ከሻንጣው ላይ ተነሣ፤ እዚያው ተመልሶ ዘፍ አለ። እንዲህ ያለ ነገር በሕልሙም በጥናቱም አልመጣበትም።)

ማስተሩ፦ ኦሪጅናሉን?

ጋሼ፦ ኮፒውንም ጨምሬ ነው እንጂ። አንዱን ብቻ ብሰጣት ቅር ይላታል ብዬ።

ማስተሩ፦ ወይኔ! ወይኔ ልጁ! የት አድፍጣ ያዘችህ?

ጋሼ፦ ኧረ እኔ ነኝ ያገኘኋት። ጓጉንቸር ልገዛ ስሄድ መንገድ ዳር ቆማለች። «የሽንኩርቱ ሰውዬ፣ ገበያ እንዴት ነው?» አለችኝ። አፈርኩ። እውነቱን ነገርኳት።

ማስተሩ፦ ከዚያስ?

ጋሼ፦ ከዚያ መኪናቸው ውስጥ ገባሁ።

ማስተሩ፦ በገዛ እግርህ!

ጋሼ፦ በሌላ በማን እግር ልገባ? ከዚያ ምሳ አበሉኝ።

ማስተሩ፦ ምሳ! በቃ አደንዝዘውሃል። ጋሼ፣ ዙር!

ጋሼ፦ ወዴት?

ማስተሩ፦ ጀርባህን ስጠኝ! ሸሚዝህን ግለጥ፤ ኩላሊትህን ልየው!

ጋሼ፦ (ታዝዞ እየገለጠ) አለ?

ማስተሩ፦ (አጎንብሶ እየመረመረ) የስፌት ምልክት የለም።

ጋሼ፦ ሁለቱም አሉ?

ማስተሩ፦ ከውጭ እንዴት ተደርጎ ይቆጠራል! ቀጥል። ከምሳው በኋላ ምን አደረጉህ?

ጋሼ፦ ፎቶ አነሱኝ። አይ፣ ቆይ፤ ፎቶው ከምሳው በፊት ነው። ከምሳው በፊት ፎቶ፣ ከፎቶው በፊት ፊርማ።

ማስተሩ፦ ፈርመሃል?!

ጋሼ፦ አምስት ቦታ። ስድስተኛው ላይ እስክሪብቶው አለቀና ሌላ አመጡልኝ። ትሑት ሰዎች ናቸው።

ማስተሩ፦ ፎቶውንስ ምን አደረጉት?

ጋሼ፦ ወረቀት ላይ ለጠፉት፤ ስምህ ከተጻፈበት ጎን። ፈገግ በል አሉኝ፤ ፈገግ አልኩ። አምሮብኛል።

ማስተሩ፦ በእኔ ስም የአንተን ፊት! አለቀ፣ ሸጥከኝ! አሁን አንዱ ወሮበላ በእኔ ዲግሪና በአንተ መልክ ሥራ ሊቀጠር ነው!

ጋሼ፦ በእኔ መልክ ሥራ ካገኘስ ጎበዝ ነው።

(ማስተሩ ካፖርቱን አውልቆ ወለሉ ላይ ወረወረው። ድምፁ ተሰባበረ፤ አዋቂነቱም አብሮ ተሰባበረ።)

ማስተሩ፦ ጋሼ፣ አንተ አታውቅም። እኔ እዚህ ትምህርት ቤት የገባሁት ባንድ ጊዜ አይደለም። ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለት ጊዜ ጣሉኝ፤ በሦስተኛው ነው የተቀበሉኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ሰፈሩ ሁሉ ማስተሩ እያለ የሚጠራኝ ይህን ሳያውቅ ነው። ዛሬ ካልተመዘገብኩ ቦታዬን ለተጠባባቂ ይሰጡታል። ምን ብዬ ነው የምመለሰው?

ጋሼ፦ አውቃለሁ።

ማስተሩ፦ ምኑን?

ጋሼ፦ ሁለት ጊዜ መጣልህን። እህትህ የመለሱልህን ደብዳቤ አይታ የነገረችኝ ያኔውኑ ነው። ሰፈሩም ያውቃል።

ማስተሩ፦ ሰፈሩም?!

ጋሼ፦ ታዲያ ማስተሩ የሚሉህ ለምን ይመስልሃል? አይዞህ ለማለት ነው እንጂ።

(ማስተሩ ብድግ ብሎ አልጋውን ከበሩ ላይ መጎተት ጀመረ።)

ማስተሩ፦ ተነሥ! ዲግሪ ባይኖረኝም ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ገና ሁለት ሰዓት አለን!

ጋሼ፦ ተዘግቷል።

ማስተሩ፦ በሩማ ተዘግቷል፣ ልከፍተው አይደል!

ጋሼ፦ ምዝገባው። አስራ አንድ ሰዓት ድረስ የነበረው ትናንት ነው። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ስለሆነ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ። በትልቁ ለጥፈውታል።

(ማስተሩ አልጋውን ለቀቀውና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ተናዶ አይደለም፤ ንዴቱም አልቆበታል። በልጅነቱ እናቱ ጥላው ገበያ ስትሄድ እንደሚያደርገው ጉልበቱን አቀፈ።)

ማስተሩ፦ ራሴን ነው የሰረቅሁት። ጠዋት አብሬያት ብሄድ ኖሮ... ሌባ እንዳይገባ ብዬ በሩን ዘግቼ፣ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ሰዓቱ አለፈ።

ጋሼ፦ አትዘን። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ ተመዝግበሃል።

ማስተሩ፦ ማን?

ጋሼ፦ አንተ።

ማስተሩ፦ እኔ እዚህ ነበርኩ!

ጋሼ፦ እኔ ደግሞ እዚያ ነበርኩ። ቅጹ ላይ ዋስ ብለህ የሞላኸው ማንን ነው?

ማስተሩ፦ አንተን።

ጋሼ፦ ጀርባውን አንብበኸዋል?

ማስተሩ፦ ጀርባ አለው እንዴ?

ጋሼ፦ አለው። «ተማሪው መቅረብ ካልቻለ፣ ዋሱ ማስረጃውን ይዞ ሊያስመዘግበው ይችላል» ይላል። ሰደርያዋ ናት ያሳየችኝ። ሰዓቱ እንዳያልፍብን በሩጫ ነው የወሰደችኝ። አዲስ ተማሪ መቀበል ሥራዋ ነው፤ የለጠፉትም ፎቶ የዋስ ነው። የአንተን ነገ ትነሣለህ።

ማስተሩ፦ ዲግሪዬስ?

ጋሼ፦ (ከደረት ኪሱ አጣጥፎ የያዘውን ፖስታ እያወጣ) ኮፒውን አስቀሩ፤ ኦሪጅናሉ ይኸው። ቦርሳው ውስጥ የለም አልኩህ እንጂ ጠፋ አላልኩህም።

ማስተሩ፦ (ፖስታውን እቅፍ አድርጎ) ጋሼ! እንደገባህ ለምን አልነገርከኝም?

ጋሼ፦ ልነግርህ ስል መስኮት አትንካ አልከኝ። ቀጥሎ ጓጉንቸር አልከኝ። ቀጥሎ ዙር አልከኝ። እኔ ደግሞ ሰው ሲያወራ አላቋርጥም።

ማስተሩ፦ ቆይ፣ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ካለቀ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የት ነበርክ?

ጋሼ፦ አማካሪህ ዘንድ። እሱም መፈረም ነበረበት።

ማስተሩ፦ ዶክተሩ ዘንድ! ምንም አላወራህም አይደል?

ጋሼ፦ ስደርስ ላቦራቶሪው ውስጥ ከአንድ ረጅም ቱቦ ጋር ግብ ግብ ገጥሟል። ሞተሩ ይሠራል፤ ውኃው ግን ወደ ላይ አይወጣም። ለማስጠገን ሁለት ወር ሙሉ ደብዳቤ ሲጻጻፉ ከርመዋል።

ማስተሩ፦ ምንም እንዳልነካህ ንገረኝ።

ጋሼ፦ ነካሁ። ቱቦው ጉብ ያለበት ቦታ ላይ አየር ታምቋል። ብሎኗን ላላ ሳደርጋት አየሩ ወጣ፣ ውኃው መጣ። ዶክተሩ ላይም ትንሽ መጣ።

ማስተሩ፦ አማካሪዬን አጠብከው!

ጋሼ፦ እሱማ አቀፈኝ፤ እኔም ረጠብኩ። ከዚያ ማመልከቻህን አወጣና «የሚስትህ ወንድም ሊያጠና ያሰበው ይህን ነው፤ ከፍታ ላይ ያሉ ሰፈሮች ውኃ ለምን አይደርሳቸውም» አለኝ። ባየኋቸው ሰፈሮች ብዙውን ጊዜ አየር ነው፣ ጉብታው ላይ መተንፈሻ ይግጠሙለት አልኩት።

ማስተሩ፦ ጋሼ... እሱ እኮ የሁለት ዓመት ጥናት ነው።

ጋሼ፦ ቸኮልኩ እንዴ?

ማስተሩ፦ ማጠቃለያዬን ነው የነገርክብኝ! መግቢያውን እንኳ ሳልጽፍ!

ጋሼ፦ ሰውየው ጠየቀኛ! ዝም ልበለው?

(የጋሼ ስልክ ጮኸ። ጋሼ ስልኩን ራቅ አድርጎ አየና ለማስተሩ አቀበለው።)

ጋሼ፦ ዶክተሩ ነው። በል አንተው አናግረው።

ማስተሩ፦ (ማንም በማያየው ክፍል ውስጥ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካክሎ) አቤት ዶክተር... አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ተማሪው... አይ፣ አላመመኝም... ሽንኩርት? እሱ... እሱን ትቼዋለሁ... አዎ ዶክተር፣ ውኃው መምጣቱን ነግሮኛል... ነገ ሁለት ሰዓት፣ እሺ... ማን?... ዶክተር፣ እርግጠኛ ነዎት?... እሺ። እነግረዋለሁ።

(ስልኩን ዘጋው። ለጋሼ መልሶ አቀበለው።)

ጋሼ፦ ተቆጣ?

ማስተሩ፦ ሳቀብኝ። የጥናቱንም ርእስ አልነጠቀኝም፤ «እውነት መሆኑን ለክተህ አረጋግጥ፣ ሁለት ዓመቱ ለዚያ ነው» አለኝ። የመጀመሪያው ትምህርት ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀመራል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ።

ጋሼ፦ ታዲያ ምን አስጨነቀህ? መምህሩ ኃይለኛ ነው?

ማስተሩ፦ አይደለም።

ጋሼ፦ ታውቀዋለህ?

ማስተሩ፦ አንተ ነህ።

ጋሼ፦ እኔ?

ማስተሩ፦ እንግዳ መምህር ብለው ፕሮግራሙ ላይ አስገብተውሃል። ለሃያ ሁለት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ታስረዳለህ። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ማስታወሻ እይዛለሁ።

(ጋሼ ነገሩን በልቡ ቀስ ብሎ አገላበጠው። ቧንቧ መፍቻውን ከቦርሳው አወጣ፤ በመሐረቡ ጠረገው፤ ከዚያም ማስተሩን ከላይ እስከ ታች አየው።)

ጋሼ፦ እንግዲያው በጊዜ ተኛ። አርፋጅ ተማሪ አልወድም።